መሀል የምትቀመጠው

የዚያች መኪና የፊት ወንበር እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች ለሁለት የተከፈለ አልነበረም። ከበር እስከ በር የተዘረጋ፣ ወይን ጠጅ ቆዳ የለበሰ፣ አንድ ወጥ መቀመጫ ነበር። ማርሹም ወለል ላይ አልቆመም፤ ከመሪው ስር በቀኝ በኩል እንደ ቀጭን ክንድ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ አንዲት ነጭ ሉል ተሰክታበታለች። ስለዚህ በሹፌሩና በማዶው በር መካከል እግር የሚያደናቅፍ ነገር የለም። ሦስት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ እንደልቡ ይሄድባታል።

መካኒኩ ያችን መኪና በሞተሯ አያስታውሳትም። ሞተርማ ስንቱን ፈትቶ ገጥሟል። እሱ የሚያስታውሳት በፊት ወንበሯ፣ ከዚያም ውስጥ በመሀሉ ቦታ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንድ የጭነት መኪና ስር በጀርባው ተንጋሎ ብሎን ሲፈታ፣ ከጋራዡ በር አንድ ሞተር ሲያጉረመርም ሰማ። የሚያጠብቀውና የሚያላላው ጠፋው። እጁ እዚያው እንዳለ ቀረ።

«ጭምቱ!» አለ በያጁ ከማዶ፤ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ውጣ ከጉድጓድህ! የድሮ እንግዳ መጥቶብሃል።»

በጋራዡ ውስጥ ሁሉም ሰው ጭምቱ እያለ ነው የሚጠራው። ከሰው ጋር ሲነጋገር አንገቱን ይደፋል፤ ሦስት ቃል ከበቃው አራተኛውን አይጨምርም። በያጁ ደግሞ የሱ ተቃራኒ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ባንተ አፍ ግን አየርም የሚገባ አይመስለኝም» እያለ ይቀልድበታል።

ጭምቱ ከመኪናው ስር ተስቦ ወጣ። መጀመሪያ ያየው ጫማዋን ነው። ቀጥሎ የቀሚሷን ጫፍ፤ ቀጥሎ የመኪና ቁልፍ የያዘውን እጇን። ፊቷን ለማየት ጊዜ ወሰደ። የዳኛው ልጅ ናት። ትንሽ ከስታለች፤ ከዓይኖቿ ጥግ ድሮ ያልነበሩ ቀጫጭን መስመሮች ወጥተዋል። ዓይኖቿ ግን ያው ናቸው። ሰውን ሲያዩ «ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው» የሚሉ ዓይኖች።

«እንደምን ዋሉ?» አላት እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ዋሉ?» አለች ግራና ቀኝ እያየች። «ከኋላዬ ሌላ ሰው ቆሟል እንዴ?»

በያጁ ሳቀ። ጭምቱ አልሳቀም፤ ጨርቁን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«መኪናዋ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ማርሹን ከመሪው ስር አንስተህ ወለል ላይ እንድታደርግልኝ ነው። ይቻላል?»

ወደ መኪናዋ አየ። ወደ ወንበሯ አየ። ማርሹ ወለል ላይ ከቆመ፣ መሀል ላይ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን የሚያሳርፍበት አይኖረውም።

«ይቻላል» አለ።

«ለሰርጉ መድረስ አለበት። ቀኑ ደርሷል።»

«የማን ሰርግ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቃል። እሱ ግን ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አለች። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ቁልፉ ከእጇ ሙቀት ገና አልተላቀቀም ነበር። እሷ በበሩ ወጥታ ከዓይኑ ከራቀች በኋላ እንኳ፣ ሙቀቱ እስኪጠፋ ድረስ ቁልፉን ወደ ኪሱ ሳይከት ቆመ። የመሀሉን ቦታ በገዛ እጇ ልታስነሳ መጣች፤ ለዚያውም በሱ እጅ።

* * *

ከመሪው ስር ያለ ማርሽ አንድ ክፉ አመል አለው። ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ከመሪው ስር ወደ ካምቢዮው፣ ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ ይወርዳሉ። እነሱን አቅፎ የሚይዘው ቦኮላ፣ ያ ቀለበት የመሰለው የነሐስ ማቀፊያ፣ ተበልቶ ሲሳሳ አንደኛው ዘንግ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሌላው ይነሣል። ሁለቱ ይነካከሳሉ። ያን ጊዜ መኪናዋ ብትለመንም ብትሰደብም ንቅንቅ አትልም። መፍትሔው ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጅን እስከ ክርን አስገብቶ፣ ሁለቱን ዘንጎች በካቻቪቴ አስተካክሎ ማላቀቅ ነው።

በዚያ ዘመን የዳኛው መኪና ማርሽ በየሳምንቱ ይነካከስ ነበር። ዳኛው ወደ ጋራዡ ሰው ይልካሉ፤ ጭምቱ ካቻቪቴውን ይዞ ይሄዳል፤ ያላቅቃል። ዳኛው ያልተፈተነ ነገር የማያምኑ ሰው ስለሆኑ «በል ግባ፣ እስከ ጋራዥህ እየፈተንን እንሂድ» ይላሉ። እሱ ሲያላቅቅ አጠገቡ ቆማ የምታየው ትልቋ ልጃቸው ያን ጊዜ ከተፍ ትላለች።

«አባዬ፣ እኔም ልምጣ?»

ጭምቱ ልብሱ ዘይት ስለሆነ በበሩ በኩል ጋዜጣ አንጥፎ ይቀመጣል። ዳኛው መሪውን ይይዛሉ። እሷ መሀል ትገባለች።

ከዳኛው ቤት ወደ ጋራዡ የሚወስደው መንገድ መታጠፊያው ሁሉ ወደ ግራ ነበር። ያ የወንበሩ ቆዳ ደግሞ ከመቀመጥ ብዛት ተወልውሎ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። መኪናዋ ወደ ግራ በታጠፈች ቁጥር ልጅቷ ወደ ቀኝ ትንሸራተትና ትከሻዋ ከትከሻው ይገጥማል። መንገዱ ሲቀና ተመልሳ ትቀመጣለች። አይነጋገሩም። ከስራቸው ጋዜጣው ብቻ ኮሽ ይላል። ጭምቱ የመታጠፊያዎቹን ቅደም ተከተል በቃሉ ያውቀው ነበር፤ የዳቦ ቤቱ ጥግ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር፣ ትልቁ ዛፍ። ከዛፉ በኋላ የቀረው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ ጋራዡም ይመጣል። በሕይወቱ ውስጥ እንደዚያ ዛፍ የጠላው ዛፍ የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ተነሥቶ ለመኪናዋ አዲስ ቦኮላ ሠራ። ነሐሱን በቶርኖ አዙሮ፣ ለክቶ፣ አለስልሶ፣ ሲጨርስ በራሱ ሥራ ተደነቀ። ኪሱ ከተተውና ወደ ዳኛው ቤት ሄደ። ያን ዕለት ልጅቷ በሩን ከፈተችለት። «ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህልን መጣህ?» አለች። ኪሱ ውስጥ ያለው ነሐስ ድንጋይ ሆኖ ከበደው። ይህን ከገጠመው ማርሹ ዳግመኛ አይነካከስም። ካልተነካከሰ የሚጠራው የለም።

ኮፈኑን ከፈተ። ከገዛ ቀበቶው ጫፍ ቀጭን ቆዳ ቆረጠና በተበላው ቦኮላ ፋንታ ዘንጎቹ ላይ ጠምጥሞ አሰረው። «ለጊዜው ነው» አለ ለራሱ። የነሐሱን ቦኮላ ወስዶ ከመሣቢያው ጥግ አስቀመጠው። ለጊዜው የተባለው ነገር እንዲህ ነው፤ ቤት ይሠራል።

«እኔን የሚገርመኝ» ይል ነበር በያጁ፣ «የሰው መኪና ስትሄድ ነው የምትበላሸው። ይህቺ የዳኛው መኪና ግን ግቢ ውስጥ ቆማ እያለች ማርሽ የሚነክሳት ምን የሚሉት በሽታ ነው?»

ጭምቱም ይገርመው ነበር። ግን አላጣራም። ደስ የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ማን ያጣራል?

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ዳኛው ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ፣ ትልቁ መስቀለኛ መንገድ መሀል ላይ ማርሹ ነከሰ። ከፊት ከኋላ ክላክስ ጮኸ። ሊገፉ የመጡት ሰዎች ውስጥ ዳኛው ራሳቸው የፈረዱበት ሰው ነበረበት። «አይዞዎት ክቡር ዳኛ፣ የኛም ነገር እንዲህ ነው ቆሞ የቀረው» አለና ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ዳኛው ከችሎት እንደወጡ በቀጥታ ጋራዡ መጡ። ልጃቸው አብራቸው ነበረች።

«ለአንዲት ማርሽ ስንት ጊዜ ተመላለስክ?» አሉት። «ወይ ሥራውን አታውቀውም፣ ወይ አውቀህ ትጫወትብኛለህ። የትኛው ነው? ተናገር!»

ጭምቱ ወደ ልጅቷ አየ። እሷ ወደ መሬት አየች። አፍራብኛለች አለ በልቡ። ሙያ የለውም ብላ አፍራብኛለች።

«የምለው የለኝም ጋሼ» አለ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እግርህ ከደጄ እንዳይደርስ።»

ከዚያ ወዲያ ያችን መኪና አላያትም። አንዳንድ ቀን ግን የሌላ ሰው መኪና ለመፈተን በዚያ ሰፈር ሲያልፍ፣ በትልቁ ዛፍ ላይ ሲደርስ፣ በቀኙ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ ትከሻው የሷን ትከሻ ይጠብቅ ነበር።

* * *

ሥራውን የጀመረው ከላይ ነው። መሪውን አወለቀ። ነጯን ሉል ከማርሹ ጫፍ ፈትቶ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለላት። ማርሹ የወጣበትን ቀዳዳ የሚሸፍን ቆርቆሮ ለክቶ ቆረጠ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ዘንጎቹን ሊያወጣ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። ጣቱ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ።

ዘይት ጠጥቶ እንደ ከሰል የጠቆረ ቆዳ ነበር። የራሱ ቋጠሮ። ማንም አልፈታውም።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም ብል ይቀለኛል፤ ግን ሠራ። እጁ እየሠራ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ወለሉን ቀደደ። ካምቢዮው ላይ የማርሹን መቆሚያ ገጠመ። ለዘንግ የሚሆን ብረት አምጥቶ ሞርሳ ላይ አሰረና በያጁን ጠራው።

«እዚህ ጋ አግልልኝ። ወደ ሹፌሩ በኩል እናጥፈዋለን።»

«ለምን?» አለ በያጁ። «ቀጥ ያለ ማርሽ እያለ ያበደ ሰው ነው የሚያጣምመው። ቀጥ ያለው ያምራል።»

«ቀጥ ካለ መሀል የሚቀመጠውን ሰው ጉልበት ይመታል።»

«መሀል ማን ሊቀመጥ? ሙሽራዋ እንደሆነች ከኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ከባሏ ጋር።»

«ትቀመጥ። ቦታዋ ግን ይኑር» አለ ጭምቱ።

በያጁ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና እሳቱን ለኮሰ። ብረቱ ቀላ፣ ቀላና እንደ ብርቱካን ሆነ። ቀስ ብለው አጎበጡት። ሥራው እስኪያልቅ በያጁ አንድ ቀልድ አልተናገረም።

በማግስቱ የዳኛው ልጅ መጣች። በሩ ላይ ቆማ የተፈታችውን መኪና፣ ወለሉ ላይ የተከፈተውን ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ አየች።

«እንዲህ ሆና ሳያት ሆዴ ባባ» አለች። «የሰው ቤት ሲፈርስ የማይ ነው የሚመስለኝ።»

«ይገጠማል» አለ ጭምቱ። ከኪሱ ጥቁሩን ቆዳ አወጣ። «ይህን... ማንም አልነካውም?»

ቆዳውን አየችው። ጉንጯ ቀላ።

«አላስነካሁትማ። ሌላ ጋራዥ ስትገባ 'እዚያ ጋ እንዳትደርሱ' እላቸዋለሁ።»

«ሁልጊዜ ይነካከስ የለም እንዴ?»

«ይነካከሳል። ኮፈን ከፍቼ ራሴ አላቅቀዋለሁ። አንተ ስታላቅቅ አጠገብህ ቆሜ የምመለከተው ሞተር ለማየት ይመስልህ ነበር?» አለች፤ ያለችው ነገር ከጆሮዋ የደረሰው ዘግይቶ ይመስላል። የቀኝ እጇን አውራ ጣት በሌላው እጇ ሸፈነችው። ሳትሸፍነው በፊት ግን አይቶታል፤ ካቻቪቴ ሲያመልጥ የሚተወውን ጠባሳ። በሱም እጅ ላይ አለ፤ እዚያው ቦታ ላይ።

ፊቷን አዙራ ሞርሳው ላይ ያለውን ዘንግ አየች።

«ይሄ ለምን ተጣመመ?»

«መሀል ሰው ቢቀመጥ ጉልበቱ እንዳይነካ ነው።»

«ማን እንዲቀመጥ ፈልገህ ነው?»

ዘንጉን በጨርቅ ጠረገ። ከማዶ የበያጁ መዶሻ ድምፅ ከቆመ ቆይቷል።

«ቁመቱን መቁረጥ ነው የቀረኝ» አለ ጭምቱ ዓይኑን ከዘንጉ ሳያነሣ። «የሚነዳው ሰው መጥቶ ካልተቀመጠልኝ አልቆርጥም፤ የእያንዳንዱ ሰው ክንድ ለየብቻ ነውና። ሙሽራው ነገ ቢመጣ...»

«ሙሽራው?» አለች። «እሱ ብስክሌት እንኳ በቅጡ አይነዳም! የእህቴ ባል የሚሆነውን ነው የምትለው? የሚነዳውማ አባዬ ነው። ትከሻውን አመመውና ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አልነሣ አለው። መሪው ስር ያለው ማርሽ አይደርስለትም። ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ይችላል። 'ልጄን በገዛ መኪናዬ፣ በገዛ እጄ ካልወሰድኳት ሰርጉ ይቅር' ብሎ አኩርፎ ተቀምጧል።»

«ሰርጉ የእህትሽ ነው?»

«ታዲያ የማን መሰለህ?» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «'እርስዎ' የት ሄደ?»

ጭምቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «አንቺስ?» አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። «አንቺ አላገባሽም?»

«እኔ?» አለች። ቁልቁል የተፈታችውን መኪና እያየች ቀስ ብላ ተናገረች። «ያን ቀን አባዬ 'ተናገር' ሲልህ፣ አንድ ነገር ትላለህ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም ይሁን ምን። 'የምለው የለኝም' አልክ። እኔም የሚለው ከሌለውማ ብዬ ቤቴ ገባሁ፤ እስከ ዛሬ ማንንም አላገባሁም።»

«አፍረሽብኝ መስሎኝ ነበር።»

«በራሴ ነበር ያፈርኩት» አለች። በምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም። «አባዬን ነገ ይዤው እመጣለሁ።»

ሄደች። ጭምቱ ከሁሉ ቀድሞ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ፈራ፤ ቀጥሎ የትኛው የትኛው እንደሆነ ተቀላቀለበት።

* * *

ዳኛው አርጅተዋል። ያ ግንድ የመሰለ ትከሻ ወርዷል፤ ቀኝ እጃቸውን እንደተኛ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው የገቡት። ዓይናቸው ግን አሁንም ችሎት ላይ ነው።

«አንተ ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ሙያውን ተማርከው?»

«እየተማርኩ ነው።»

«ይሁና» አሉና ከመሪው ኋላ ተቀመጡ።

ጭምቱ ዘንጉን ከቦታው አቆመው። ጠመኔ ያዘ። «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እየነዱ እንደሆነ ያስቡና፣ ማርሽ ሲፈልጉ እጅዎ ደስ ባለው ቦታ ይረፍ። እርስዎ አይፈልጉት፤ እጅዎ ይፈልገው።»

ዳኛው ጨፈኑ። እጃቸው ከደረታቸው ተነሥቶ ቀስ እያለ ወረደ። ሆዳቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጭምቱ ሊደግፈው እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው፤ ዘይት ነክቶታል፤ የዳኛው ሸሚዝ ነጭ ነው።

«ያዘው» አሉ ዳኛው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሸሚዝ ይታጠባል።»

ያዘው። የዳኛው እጅ ሄዶ ዘንጉ ላይ አረፈ። ጭምቱ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ዳኛው ዓይናቸውን ገለጡና ምልክቱን አዩ፤ ከዚያ ሰውዬውን አዩት።

«እንዲህ የምትጠነቀቅ ሰው ከሆንክ» አሉ፣ «ያኔ ያችን ማርሽ ማስተካከል እንዴት አቃተህ?»

ልጅቷ ከበሩ ጎን ቆማ ነበር። ወደ መሬት አላየችም በዚህ ጊዜ፤ ወደሱ ነው የምታየው። ጭምቱ ያ ጥያቄ ያኔ እንዳመለጠው፣ ዛሬም ዝም ቢል እንደሚያመልጠው፣ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ማንም እንደማይጠይቀው ገባው። አንገቱን ሊደፋ ነበር። አልደፋም።

«አላቃተኝም ጋሼ» አለ።

ወደ መሣቢያው ሄደ። ከዕቃ ስር ፈልጎ አወጣውና በጨርቅ ጠርጎ ለዳኛው ሰጣቸው። የነሐሱ ቦኮላ። አንድ ቀን እንኳ ያልሠራ፣ አንድ ጭረት የሌለበት።

«ይህን ሠርቼ ነበር። ከገጠምኩት ማርሹ አይነካከስም ነበር። ካልተነካከሰ ደግሞ አልጠራም። ካልተጠራሁ...» ወደ ወንበሩ አመለከተ፤ ወደ መሀሉ ቦታ። «እሷ እዚህ ትቀመጥ ነበር። መታጠፊያ ላይ ትከሻዋ ይነካኝ ነበር። ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።»

ዳኛው ገና ምንም ሳይሉ ልጅቷ ቀረበች።

«አባዬ፣ እሱ ብቻውን አይደለም። ማርሹን የማስነክሰው እኔ ነበርኩ።»

«አንቺ?»

«መኪናዋ ግቢ ውስጥ ስትቆም ገብቼ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ በችኮላ ስመታው ይነክሳል። ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳላወቀ ሰው እገባና 'አባዬ መኪናዋ ተበላሸች' እላለሁ። ያን ቀን ጠዋትም መታሁት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይነክስ ዘንጉ እንደላላ ወጣህበት። መስቀለኛው መንገድ ላይ ያዋረድኩህ እኔ ነኝ። እሱ ሲሰደብ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ጭምቱ ዞሮ አያት። ያ ቆማ እያለች የምትበላሸው መኪና! ያ ሁሉ ጥሪ! እሱ በስርቆሽ የሚሄድበትን በር፣ እሷ ከውስጥ ሆና ትከፍትለት ኖሯል። ከመሪው ስር ሁለት ዘንጎች ሲነካከሱ የኖሩት፣ አንዱ ሌላውን ሊያገኝ ሲሽቀዳደም ነበር።

ዳኛው ቦኮላውን በግራ እጃቸው ያገላብጡታል።

«እኔ ደግሞ» አሉ በመጨረሻ፣ «በዚያ ዘመን አንድ ቀን እጅጌሽ ላይ የዘይት ጣት ምልክት አየሁ እሙዬ። የሱ ጣት መሆኑን ለማወቅ ዳኛ መሆን አያስፈልግም። የኔ ልጅና የዘይት ልብስ የለበሰ ሰው፣ አልኩ በሆዴ። ያን ቀን ስጮህበት ማርሹን አመካኘሁ እንጂ የፈረድኩበት በጣቱ ነው። ምክንያቱን ደብቆ የሚፈርድ ዳኛ ደግሞ፣ ከዚህ ከማርሽ አስነካሽ ሁሉ ይከፋል።» ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ዳሰሱ። «አሁን ይኸው እጄ ላይ ቀረ።»

«አባዬ...»

«ቆይ አልጨረስኩም። ሦስት ጥፋተኛ አለ፤ ከሳሽ ግን አንድም የለም። እንዲህ ያለ ክስ ይዘጋል።»

«ይግባኝስ ክቡር ዳኛ?» አለ በያጁ ከማዶ።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ምስክር ነኝ። ሁሉንም አውቅ ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው ጠፋ እንጂ።»

ዳኛው ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸውን አመማቸውና እየሳቁ አጉረመረሙ። ልጃቸው ቦኮላውን ከእጃቸው ወሰደችና ጠባሳ ባለበት አውራ ጣቷ ላይ አጠለቀችው። ልክ ሆነ፤ ወይም ልክ ሆነ ብላ ወሰነች።

«የመኪናዋ ነበር እኮ» አለ ጭምቱ።

«ማርሿ ወለል ላይ ወርዷል፤ ከእንግዲህ አያስፈልጋትም» አለች። እጇንም ወደ ደረቷ አስጠግታ ያዘችው፤ ጭምቱም ከዚያ በኋላ የት እንደሚቆም፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

* * *

መኪናዋ ያለቀችው ከሰርጉ በፊት ነው። ዳኛው ሊፈትኗት መጡ። ያልተፈተነ ነገር አሁንም አያምኑም።

ከመሪው ኋላ ተቀመጡ። እጃቸውን ዝቅ አድርገው ሰደዱት። መዳፋቸው አንዲት ለስላሳ ክብ ነገር ላይ አረፈ። ጎንበስ ብለው አዩአት፤ ነጯ ሉል ከጠማማው ዘንግ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ይህቺማ የኔ ናት!» አሉ።

«የእርስዎ ናት ጋሼ። ቤቷን ነው የቀየረችው።»

ዳኛው ሉሏን በመዳፋቸው ሸፍነው ጥቂት ቆዩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ማርሹ እንደ ቅቤ ገባላቸው። እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልወጣም። አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ዓይናቸውን ማንም እንዳያይባቸው።

«በሉ ግቡ» አሉ፤ ድምፃቸው ሻክሮ። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

ጭምቱ በልማዱ በበሩ በኩል ሊያነጥፈው ጋዜጣ ፈለገ። አገኘ። ሊዘረጋው ሲል እሷ ከእጁ ወሰደችው፤ ለሁለት አጥፋ ለበያጁ ሰጠችው።

«አንብብበት» አለችው።

ከዚያ ገብታ መሀል ተቀመጠች። ጉልበቷን ወደ ግራ አደረገች፤ ዘንጉ አልነካትም። ወደ ቀኝ አደረገች፤ አልነካትም። ወደ ታች ያን ለሷ ሲል የተጣመመውን ብረት አየችና በጣቷ ነካ አደረገችው። ጭምቱ ገባና በሩን ዘጋ።

ሞተሩ ያጉረመርማል። ከጋራዡ በር ላይ ሲደርሱ ዳኛው ቆሙ። ወደ ቤታቸው የሚወስደው በቀኝ ነው። ከዚያም መታጠፊያው ሁሉ ቀኝ በቀኝ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ መሀል ያለው ሰው የሚንሸራተተው ወደ ሹፌሩ ነው።

ዳኛው መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ የግራውን ፍሬቻ አበሩ።

«አባዬ፣ ቤታችን በዚህ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ገና አልተፈተነችም። ትንሽ እንዙር።»

መኪናዋ ወደ ግራ ታጠፈች። ያ ያረጀ ወይን ጠጅ ቆዳ እንደ ድሮው አንሸራተተ፤ ትከሻዋ መጥቶ ከትከሻው ገጠመ። መንገዱ ቀስ እያለ ቀና፤ ቀጥ አለ፤ ረጅምና ለጥ ያለ ሆነ።

እሷ ግን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም።